ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ የፋብሪካ ውድድር ሞተር አይሆንም

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ሞተርሳይክል ሲነሳ ወደ እኔ ይጠቁማሉ። ስልኬ ይጮሃል። «ጋሼ፣ አያቴ ጓሮ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የፋብሪካ ውድድር ሞተር አለ፤ ሚሊዮን ያወጣል አሉ።» ማን አለ? ደላላው። አሁንስ መልሱን ጽፌ ልገላገል።

«ቀይ ነው፣ የጣሊያን ነው፣ ስለዚህ የውድድር ነው።» ቀይ ቀለም እኔም ጋራዥ ሞልቷል።

«ማንክስ ኖርተን የፋብሪካ ሞተር ነው።» አይደለም። ማንክስን የእንግሊዙ ኩባንያ ኖርተን ገንዘብ ላለው ተወዳዳሪ ይሸጠው ነበር። የፋብሪካ የሚባለው ፋብሪካው ለራሱ ጋላቢዎች የሠራው ነው። ደግሞ ዛሬ የማንክስ ሞተር ከቴስታታው እስከ ክራንክ ሻፍቱ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ያውም በሐቀኝነት፣ ቅጂ ነው ተብሎ። ሌብነቱ የሚጀምረው ሦስተኛው ገዢ «የ1950ዎቹ ነው» ሲል ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጥሟል፣ ኦርጅናል ነው።» ወገኖቼ፣ ይሄ ለባጃጅ ይሠራል። የፋብሪካ ቡድን ውስጥ ግን አንድ ሞተር ቅዳሜ በዚህ ሻንሲ ላይ ይፈተናል፣ እሁድ በሌላው ይሮጣል። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ይፈታና ደህናው ዕቃ ለሚቀጥለው ዓመት ይሄዳል፣ የቀረው ወይ ይቀልጣል ወይ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጣሊያኖቹ ኩባንያዎች ጊሌራ፣ ሞቶ ጉዚና ሞንዲያል እ.ኤ.አ. በ1957 መጨረሻ ወጪው በዛብን ብለው ከግራንድ ፕሪ፣ ከዓለም ሻምፒዮናው ውድድር፣ ሲወጡ፣ ለሰብሳቢ ብሎ ቁጥር ያመሳሰለ መካኒክ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉ ነገሩ ልክክ ያለ የፋብሪካ ሞተር ሲያመጡልኝ እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ።

ቁጥር ደግሞ ይመታል። መምቻውና መዶሻው ካለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። ቁጥሩ ያረፈበት ብረት ከዙሪያው ዝቅ ካለ፣ ወይም የሞረድ ጭረት ካለው፣ አንድ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሥራ ነበረው ማለት ነው።

ማስረጃው የባለቤትነት ሰንሰለቱ ነው። ከፋብሪካው ማን ወሰደው፣ ለማን ሸጠው፣ መሀል ላይ ስንት ዓመት ጠፋ? ቀጥሎ የውድድር ፎቶ። ሰርባቶዮ (የነዳጅ ታንኩን) አትዩ፣ እሱ እንደ ሸሚዝ ይቀየራል። ሻንሲው ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ፣ የተበሳ ቀዳዳ፣ የጭስ ማውጫው የታሰረበትን ቦታ ከፎቶው ጋር አስተያዩ።

አንድ ጎልማሳ ከሳቢያን ሰፈር በጋሪ ጭኖ አመጣልኝ። ሲሊንደሯ ወደ ፊት የተኛ፣ ባለ 500 ሲሲ ጉዚ። «አይል ኦፍ ማን ያሸነፈችው ናት» አለኝ፣ የታወቀው የሞተር ውድድር የሚካሄድባትን ደሴት ማለቱ ነው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1935 ስታንሊ ዉድስ በትልቁ ክፍል ያሸነፈባት ጉዚ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት፤ የሱ አንድ ነው። የማስገቢያ ቫልቩ ደግሞ ከጎን፣ የጭሱ ከላይ። አልቼ የምትባለው ጉዚ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ለጣሊያን ጦር የተሠራች። ወታደር ጭና አቧራ የበላች እንጂ ዋንጫ የበላች አይደለችም። ለዚህች ከተማ ታሪክ እኮ ይህ ይበልጣል አልኩት። አልሰማኝም።

ባይሆን አትፋቁ! እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአንድ አሮጌ ሞተር ሰርባቶዮ በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው፣ ከአረንጓዴው ስር ነጭ ክብ ወጣ፣ ክቡ ውስጥ የውድድር ቁጥር ጅራት። ልብ ስል ግማሹ አቧራ ሆኖ መሬት ላይ ነበር። ጠራጊው ወሰደው። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ቀጥሎ ዝገቱን በዘይት ጨርቅ ብቻ፣ የወጣውንም ብሎን በላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

የሳቢያኑን ሰውዬ አደራ ብዬው ነበር። በሳምንቱ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ጥላ ስር አልቼዋን አየኋት። ቀይ ተቀብታለች፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ፊቷ ላይ ነጭ ክብ፣ ክቡ ውስጥ 7 ቁጥር።