የመድኃኒት ክትትል መዝገብ ምንድን ነው?

ሐኪሙ የታማሚዋን እጅ ይዞ የጣቷን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ይጫናል። የራሱ ጥፍር ነጣ እስኪል ድረስ ነው የሚጫነው። «እዚህ ጋ ያምምሻል?» ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጣት። በሁለቱም እጅ የጣቶቹ ሥር 10፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ሌላ 10። የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ጉልበት፣ ሁሉም ግራና ቀኝ። በድምሩ 28። ስንቱ እንዳመመ፣ ስንቱ እንዳበጠ ይጽፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስትመለስ ያንኑ ይደግማል።

ይህ ጽሑፍ በእሷ ካርድ ላይ ብቻ ከቀረ የአንዲት ታማሚ ክትትል ነው። የሺዎች ሰዎች ውጤት በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በአንድ ቦታ፣ ለዓመታት ሲጠራቀም ግን የመድኃኒት ክትትል መዝገብ ይሆናል። ባለሙያዎቹ «ሬጅስትሪ» ይሉታል። ጥያቄው ሁለት ነው፦ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ? ሰውየውንስ እየጎዳው ነው ወይ?

ለዚህ ዓይነት መዝገብ ከሩማቶይድ አርትራይተስ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ብዙ ሰው በደፈናው «ቁርጥማት» ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ከተህዋስ ሊጠብቀን የሚገባው የሰውነት መከላከያ ፊቱን አዙሮ የመገጣጠሚያዎችን ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል። መድኃኒቶቹም የሚሠሩት ይህን መከላከያ በማርገብ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የተሳሳተውን ዘበኛ ስታስተኙት በሩ ላይ ማን ቀረ? ደግሞ ሕክምናው የአንድ ሳምንት ክኒን አይደለም። ብዙዎች ለዓመታት፣ አንዳንዶችም ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል።

«ታዲያ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ተፈትኖ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ተፈትኗል። ግን ከፈቃድ በፊት የሚደረገው ሙከራ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለወራት፣ ቢበዛ ለዓመት አካባቢ ነው። የሚሳተፉትም ተመርጠው ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሌላ ከባድ በሽታ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። መድኃኒቱ ሲፈቀድ ግን የሚወስዱት እነዚሁ የተገለሉት ጭምር ናቸው። ቁጥሩም የራሱ ወሰን አለው። አንድ መድኃኒት 3,000 ሰው ወስዶት አንድም ሰው ላይ ያልታየ ጉዳት ከ1,000 ሰው አንዱን ሊያገኝ የሚችልበት ዕድል ገና አልተዘጋም። «አልታየም» እና «የለም» ለየቅል ናቸው።

የቲቢው ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው) ባዮሎጂክ የሚባሉት፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚመረቱ መድኃኒቶች መጡ። ኢታነርሴፕት በ1998፣ ኢንፍሊክሲማብ በ1999 ለዚህ በሽታ ተፈቀዱ። ሁለቱም ቲኤንኤፍ የሚባለውን እብጠት ቀስቃሽ ፕሮቲን ያግዳሉ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ተነስቶ መራመድ ጀመረ። ነገር ግን ይኸው ቲኤንኤፍ ሌላ ሥራ ነበረው። የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት እንዲቆይ ዙሪያውን አጥር ከሚያጥሩት አንዱ እሱ ነው። አጥሩ ሲላላ የተኛው ነቃ። በ2001 በወጣ አንድ ዘገባ ኢንፍሊክሲማብ የወሰዱ 70 ሰዎች ቲቢ እንደያዛቸው ታወቀ። ግማሽ ያህሉ ሕክምናውን በጀመሩ በ12 ሳምንት ውስጥ ነበር የታመሙት። 40ዎቹ ላይ ደግሞ ቲቢው ከሳንባ ውጪ ነበር የታየው። ስለዚህ ሳል ብቻ የሚጠብቅ ሐኪም ሊያልፈው ይችል ነበር።

እነዚህ 70 ሰዎች የታወቁት ግን በመዝገብ አልነበረም። ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በተላኩ ጥቆማዎች ነው። ጥቆማ ትልቅ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የማንቂያ ደወል እሱ ነው። ጉድለቱ የክፍልፋይ ነው። ላዕላዩ አለ፣ ታህታዩ የለም። 70 ሰው ከስንት? ስንቱስ ታሞ ሳይጠቆም ቀረ? ግምት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ተቆጥሮ አይታወቅም። መዝገብ ግን መድኃኒቱን የጀመረውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይጽፋል። ደህና የሆነውንም፣ የታመመውንም። ለዚህ ነው በዚያው ሰሞን ስፔን፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን በየፊናቸው መዝገብ የከፈቱት።

የስፔኑ መዝገብ አንድ ተጨማሪ ነገር አሳየ። መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት የተኛ ቲቢ ይመርመር፣ ካለም ይታከም ተባለ። ከዚያ በኋላ የቲቢው ቁጥር በእጅጉ ወረደ። መዝገቡ ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔው መሥራቱንም መሰከረ ማለት ነው። እኔ በግሌ ይህን ክፍል ነው የምወደው፤ ብዙ መመሪያ ይወጣል፣ ሠራ ወይ ብሎ ተመልሶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ። መዝገብ ዕጣ አያወጣም። ማን የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ጠንካራውን የሚሰጠው ለጠናበት ሰው ነው። በሽታው ራሱ ሲከፋ ለኢንፌክሽንም ለልብ ሕመምም ያጋልጣል። ታዲያ ያ ሰው ሳንባ ምች ሲይዘው ጥፋቱ የማን ነው? የመድኃኒቱ ወይስ የበሽታው? መዝገቦቹ ይህን ለመለየት የቆዩትን መድኃኒቶች ብቻ የሚወስዱ ሰዎችንም ጎን ለጎን ይከታተላሉ። ያግዛል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠራውም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የእንግሊዙ መዝገብ ከባድ ኢንፌክሽን ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መሆኑን፣ ከዚያ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ደስ ይላል። ነገር ግን አንዱ ምክንያት መድኃኒቱ ያልተስማማቸው ሰዎች ቀድመው ማቆማቸው ነው። የቀሩት የቻሉት ናቸው። በቻሉት ብቻ ከዳኘነው ማንኛውም መድኃኒት ጨዋ ይመስላል።

ስለዚህ አንዳንዱ ጥያቄ ዕጣ የግድ ይለዋል። ቶፋሲቲኒብ የተባለው ክኒን በ2012 ሲፈቀድ ተጨማሪ የደኅንነት ጥናት እንዲደረግበት ግዴታ ተጣለ። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቢያንስ አንድ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር ያለባቸው 4,362 ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን ክኒኑን፣ ሌላው የቲኤንኤፍ ማገጃ መርፌ ወሰደ። በ2022 በታተመው ውጤት ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋ ክኒኑን ከወሰዱት 3.4 በመቶውን፣ መርፌውን ከወሰዱት ደግሞ 2.5 በመቶውን አግኝቷል። ካንሰር 4.2 ለ2.9 ነበር። አልማዝ ባለጭራም ክኒን ከሚወስዱት ላይ በዝቶ ታየ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በእነዚህ ሰዎች ላይ ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ከመታተሙ በፊት፣ በ2021፣ ማስጠንቀቂያውን አጠበቀ፤ ክኒኑም የቲኤንኤፍ ማገጃ ላልሠራላቸው ወይም ላልተስማማቸው እንዲሆን ወሰነ።

መሥራቱንስ በምን ይለኩታል? ያቺ የ28 መገጣጠሚያ ቆጠራ፣ ከደም ምርመራ እና ታማሚዋ ራሷ ስለ ሕመሟ ከምትሰጠው ነጥብ ጋር ተቀምራ አንድ ቁጥር ትወጣለች። ከ2.6 በታች ከሆነ በሽታው ጋብ ብሏል ይባላል። ከ5.1 በላይ ከሆነ ተነስቶበታል። ጥሩ መለኪያ ነው፣ ግን እግር አይቆጥርም። ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣት ከ28ቱ ውስጥ የሉም። ጫማ ማድረግ ያቃታት ሴት በወረቀት ላይ «ጋብ ብሏል» ሊባልላት ይችላል።

መዝገቦች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ሳይወሳሰብ ብዙ ይናገራል። ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ከሁለት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እየወሰደው ነው? ሰው የሚረዳውን መድኃኒት በቀላሉ አይተውም። የሚያሰቃየውን ደግሞ ማንም ቢመክረው አይቀጥልበትም። ሁለቱ ጥያቄዎች፣ መሥራቱና አለመጉዳቱ፣ እዚህች ቁጥር ላይ ይገናኛሉ።

ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው ግን ቅጹ ላይ ባለች አንዲት መስመር ነው፤ «ያቆመችበት ምክንያት»። ስለተሻላት? ስላልረዳት? ትኩሳት ይዟት? ለማርገዝ አስባ? ገንዘብ አጥሯት? እያንዳንዱ መልስ መድኃኒቱ ላይ የተለየ ፍርድ ያስከትላል። የጠፋ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ድኖም ሊሆን ይችላል፣ ሞቶም። ስዊድን መዝገቧን ከብሔራዊ የካንሰርና የሞት መዝገቦች ጋር በመታወቂያ ቁጥር ስለምታገናኝ የጠፋውን ታገኘዋለች። ይህ በሌለበት ያለው ታማሚዋ የምትናገረው ብቻ ነው። በቀጠሮ ቀን «ደህና ነኝ» ብላ ክኒኑን ካቆመች ሦስት ወር እንደሆናት ሳትናገር ከወጣች፣ ሐኪሙ «እየወሰደች ነው» ላይ ምልክት ያደርጋል። መስመሯም ባዶ ትቀራለች።