የፋሽን ድርጅቶች የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር በጣሊያን የጦር ካሳ የተገነባና ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ በዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት። እንዲህም ሆኖ የልብስ ድርጅቶች ስለሚያወጡት የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ሪፖርቱ ድርጅቱ የሰጠው የዕርዳታ ዝርዝር ነው» የሚለው ከሁሉም ይበዛል። ለተማሪዎች ደብተር ማደልና በክረምት ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ሪፖርቱ በዋናነት ሊመልስ የሚገባው ግን ድርጅቱ ትርፉን ሲያገኝ በሰውና በአካባቢ ላይ ምን እንዳደረሰ ነው። የማቅለሚያው ክፍል ፍሳሽ ተጣርቶ ነው የሚለቀቀው? የሠራተኛዋ ትርፍ ሰዓት ተቆጥሮ ተከፍሏታል?

«ኦዲት (የሥራ ሁኔታ ፍተሻ) ያለፈ ፋብሪካ አስተማማኝ ነው» የሚለው ደግሞ የሰው ሕይወት ያስከፈለ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ካራቺ ውስጥ የተቃጠለው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ፣ ኤስ ኤ 8000 የተሰኘውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ያገኘው ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር፤ መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለነበሩ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። በዓመቱ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱም፣ በሕንፃው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ኦዲት የተደረጉ ነበሩ፤ ኦዲተሮቹ ግን የሕንፃውን ጥንካሬ አልመረመሩም።

«ሪፖርት ማውጣት በፈቃደኝነት ብቻ ነው» የሚባለውም ጊዜው አልፎበታል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፈረንሳይ በ2017፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 በወጡ ሕጎች ትልልቅ ድርጅቶችን አስገድደዋል፤ ምንም እንኳ ኅብረቱ ኋላ ላይ ግዴታውን ለማላላት ቢንቀሳቀስ።

«በሕግ መሠረት እንከፍላለን» የሚል ዓረፍተ ነገር በእኛ አገር የሚነግረን ጥቂት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም፤ ውሳኔውን ለደመወዝ ቦርድ ትቶታል። ስለዚህ ሪፖርቱ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከባሕር ዳር የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ጎን አስቀምጦ ሊያሳየን ይገባል እላለሁ።

በመጨረሻ የማነሳው «ሪፖርት የውጭ ብራንዶች ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚለውን ነው። የአንድ ብራንድ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት አብዛኛው የሚመነጨው ከራሱ ቢሮና ሱቅ ሳይሆን ክር ከሚፈትሉ፣ ጨርቅ ከሚሠሩና ከሚያቀልሙ አቅራቢዎች ነው፤ የውሃውም ነገር ከዚህ አይርቅም። ስለዚህ የብራንዱ ሪፖርት የሚቆመው እንደ እኛዎቹ ያሉ ፋብሪካዎች በሚልኩት ቁጥር ላይ ነው። አንድ ጊዜ በጎበኘሁት ፋብሪካ የውሃ መዝገቡን ስገልጥ፣ በዕለታዊ ፍጆታው ዓምድ ላይ ለሦስት ወር ያው ቁጥር በአንድ እጅ ጽሑፍ ተደጋግሞ አገኘሁ። ቆጣሪው ተሰብሮ ኖሯል፤ ያ ቁጥር ግን ተደምሮ ለገዢው ብራንድ ተልኮ ነበር። አዲስ ቆጣሪ በተገጠመ ማግሥት የተመዘገበው ፍጆታ ለሦስት ወር ሲጻፍ ከኖረው እጅግ የበለጠ ሆነ።