ብርሃን አሳላፊ ፖሊመር ክሌይ፦ አቀላለሙና አጋገሩ በድሬዳዋና በሐረር

ፖሊመር ክሌይ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ደቃቅ ዱቄትና ዱቄቱን ከሚያለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽ የሚዘጋጅ፣ በአየር የማይደርቅ፣ በሙቀት ብቻ የሚጠነክር የዕደ ጥበብ ቁሳቁስ ነው። ከታወቁት ምርቶች መካከል የጀርመኑ ፊሞና የአሜሪካው ስካልፒ ይገኙበታል፤ ፊሞ የአሻንጉሊት ሠሪዋ የኬተ ክሩዘ ልጅ ከጀመረችው ሥራ የመነጨ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኤበርሃርድ ፋበር ኩባንያ ተላልፏል። ብርሃን አሳላፊ የሚባለው ዓይነት ማቅለሚያ ያልገባበት ነው፤ ጥሬውን ሲያዩት ነጣ ያለና ድፍን ይመስላል፣ ሲጋገር ግን እንደ ሰም ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፤ ስስ በሆነ መጠንም ይበልጥ ይጠራል።

የሐረሪ ሴቶች ከብር ጌጥ ጋር የሚያጠልቁትን የአምበር (ከጥንታዊ የዛፍ ሙጫ የተገኘ ቢጫማ ጌጥ) ዶቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁሳቁስ ልዩ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም አምበርን አስመስሎ ለመሥራት ከሱ የሚሻል ፖሊመር ክሌይ የለም። ሆኖም እንዲህ ያለውን ዶቃ የሚሸጥ ሰው አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ለገዢው በግልጽ መንገር ይገባዋል።

በአቀላለም ረገድ ዋናው ነገር ቁጥብነት ነው። ባለቀለም ክሌይ ሲቀላቀል ለ20 እጅ ብርሃን አሳላፊ 1 እጅ እንኳ ሊበዛ ይችላል፤ ከተጋገረ በኋላ ቀለሙ ስለሚደምቅ፣ ጥሬው ላይ ፈዘዝ ብሎ የታየው በቂ ሆኖ ይገኛል። ለአምበር ቢጫው ላይ ጥቂት ብርቱካናማና ከቡናማ ደግሞ እጅግ ትንሽ ይጨመራል። በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም የሚጠቀም ሰው ክሌዩን በስሱ ዳምጦ ቀለሙን ከቀባ በኋላ አልኮሉ ፈጽሞ እስኪተን ሊጠብቅ ይገባል፤ አለዚያ ሲጋገር አረፋ ያወጣል። ውሃ ያለበት የምግብ ቀለም አይመከርም፤ እርጥበትና በማሸት የገባ አየር ከውስጥ ነጫጭ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው እንከኖች ይፈጥራሉ።

የድሬዳዋ ሙቀት የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክሌዩ በእጅ ላይ ቶሎ ስለሚልም የጣት አሻራ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይረዳል። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ክሌይ ደግሞ ሳይጋገር መጠንከር ሊጀምር ይችላል። አቧራም ቀላል ጠላት አይደለም፤ በጥቁር ክሌይ ላይ የማይታይ ብናኝ ብርሃን አሳላፊው ውስጥ ጎልቶ ስለሚታይ እጅና ጠረጴዛ ደጋግሞ መጠረግ አለባቸው።

መጋገሪያው ሙቀት እንደ ምርቱ ይለያያል፦ ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ፣ የስካልፒ ፕሪሞ ደግሞ በ130 ዲግሪ ለእያንዳንዱ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ ይጋገራሉ። የምድጃ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ስለማይናገር፣ ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ከማንኛውም ማቅለሚያ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው። ብርሃን አሳላፊው በትንሽ ትርፍ ሙቀት ይወይባል፤ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሲያደላ፣ አምበር ግን ከዚሁ መወየብ ይጠቀማል፣ ጀማሪም በሱ ቢጀምር መልካም ነው። ቁራጮቹን በንጹሕ ሴራሚክ ላይ ደርድሮ ከላይ በፎይል መከለል ከማሞቂያው ቀጥተኛ ግለት ይጠብቃቸዋል። መብራት ቢቋረጥ ሥራው አይበላሽም፣ እንደገና መጋገር ይቻላል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ግን ቀለሙ ይጠልቃል። ከቃጠሎ የሚወጣው ጭስ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ስላለበት፣ ክሌዩ ካረረ ምድጃውን አጥፍቶ መስኮት መክፈትና ከክፍሉ መውጣት ግድ ነው።

ከምድጃ እንደወጣ በረዶ በገባበት ውሃ የተነከረ ስስ ቁራጭ ይበልጥ ይጠራል። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ተጀምሮ እስከ 1000 ድረስ በውሃ እየራሰ ይለሰልሳል፤ የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ደርቆ ነጭ እንዳይተው ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል። ማብረቂያው ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ የጥፍር ቀለም ግን ፕላስቲኩን አለስልሶ ለዘለቄታው የሚያጣብቅ ስለሚያደርገው ፈጽሞ አይቀባም።