የሶፍትዌር አቅራቢ ምዘና ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት የደመወዝ፣ የሂሳብ ወይም የደንበኞች መዝገብ ሶፍትዌሩን ለውጭ ኩባንያ ሊሰጥ ይችላል። ሶፍትዌሩ በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ሠራተኛው በኢንተርኔት ይገባል፣ ክፍያው በወር ወይም በዓመት ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ታዲያ አቅራቢው ሥራውን ይችለው እንደሆነ፣ መረጃውን ይጠብቅ እንደሆነ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ይኖር እንደሆነ ይጣራል። የአቅራቢ ምዘና የሚባለው ይህ ነው።

ብዙ ድርጅት ምዘናውን ዴሞ ላይ፣ ማለትም አቅራቢው ሶፍትዌሩን ሠርቶ በሚያሳይበት ጊዜ፣ ይጨርሰዋል። ዴሞ ላይ ደግሞ የማይሠራ ነገር የለም! የሚያሳዩዋችሁ እነሱ የመረጡትን ነው። ስለዚህ የራሳችሁን አስቸጋሪ ሥራ ይዛችሁ ሂዱ፦ በወሩ አጋማሽ የለቀቀ፣ ያልተጠቀመበት ፈቃድና ያልከፈለው ብድር ያለበት ሠራተኛ የመጨረሻ ደመወዝ እዚያው ይሰላ። የሚሉት ነገር እውነት መሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ኤስ.ኤል.ኤ የሚባለው የአገልግሎት ደረጃ ስምምነት አለ። "99.9 በመቶ እንሠራለን" ሲባል ደስ ይላል። በ30 ቀን ወር ሲሰላ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ ከ7 ሰዓት በላይ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ። ለጥገና ተብሎ የሚዘጋበት ሰዓት ብዙ ጊዜ እንደ መቋረጥ አይቆጠርም። ካሳውም አብዛኛውን ጊዜ ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ የሚቀነስ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ በደመወዝ ቀን ሲስተሙ ቢጠፋ የደረሰባችሁን ኪሳራ አይሸፍንም።

ስለ ደኅንነት ስትጠይቁ ወረቀት ይመጣላችኋል። የአይ.ኤስ.ኦ 27001 (የመረጃ ደኅንነት አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሰርተፊኬት ካላቸው የትኛውን የሥራ ክፍል እንደሚሸፍን እዩ፤ እናንተ የምትጠቀሙበት ሲስተም ከሽፋኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። የውጭ ኦዲተር የአቅራቢውን የደኅንነት ቁጥጥር መርምሮ የሚያወጣው የሶክ 2 ሪፖርት ሁለት ዓይነት ነው። ዓይነት 1 ቁጥጥሩ በአንድ ቀን በአግባቡ ተዘርግቶ እንደነበር ያያል። ዓይነት 2 ለወራት በትክክል መሥራቱን ይፈትሻል፤ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ባክአፕን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) በተመለከተ "አለን" የሚል መልስ አይበቃም። ከባክአፑ መረጃ መልሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሞከሩት መቼ ነው?

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ሊታይ የሚገባው መውጫው፣ ማለትም ከአቅራቢው ስትለዩ መረጃችሁን ይዛችሁ የምትወጡበት መንገድ ነው፤ የሚረሳውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ኒርቫኒክስ የተባለ የአሜሪካ የደመና ማከማቻ (የደንበኞችን መረጃ በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ) ኩባንያ ደንበኞቹን በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ መረጃችሁን አውጡ አላቸው። ቀኑ ትንሽ ቢራዘምም ኩባንያው በኦክቶበር ኪሳራ ውስጥ ገባ። ብዙ መረጃ ላከማቸ ድርጅት ያ ጊዜ ለማውረድ እንኳ ላይበቃ ይችላል። አቅራቢው ባይከስርም ዋጋ ሊጨምር፣ ሊሸጥ ወይም የምትፈልጉትን ምርት ሊተው ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ይጻፍ፦ ስንወጣ መረጃችን በምን ዓይነት ፋይል ይሰጠናል? ዓባሪ ሰነዶችና የቆየው ታሪክ አብረው ይመጣሉ? ለማውረድ ስንት ቀን አለን? ክፍያስ አለው? ከዚያ በኋላ እነሱ ጋ የቀረው መቼ ይሰረዛል? በሙከራው ጊዜም መረጃውን በሙሉ አውጥታችሁ እዩት። ስሙ ኤክሴል ሆኖ ውስጡ የተዘበራረቀ ፋይል ብዙ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። አቅራቢው ከሰጣችሁ ነባር ደንበኞች ውጭ ትቶት የሄደ ደንበኛ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ዋጋ ስታወዳድሩ የሥልጠናውን፣ መረጃ የማዛወሩንና ተጨማሪ ተጠቃሚ የማስገባቱን ወጪ ደምሩ። የነጥብ ሠንጠረዥ የምትጠቀሙ ከሆነ ለየትኛው መስፈርት ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ ከዴሞው በፊት ወስኑ። ካለዚያ ኮሚቴው መጀመሪያ የወደደውን አቅራቢ ይመርጥና ነጥቡን ከኋላ ያስተካክልለታል።