ፖሊስ ኃይል የመጠቀም መብቱ እስከ የት ነው? በተሳሳተ መንገድ የምናወራቸው ነገሮች

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን አንድ ዘመዳችን ታስሮ ሳለ መመታቱን ነገረን። አንዱ «ታዲያ ፖሊስ አይደል እንዴ፣ ምን ጠብቀህ ነው?» አለው። ሌላው ሁሉ ዝም። እኔን ያንገበገበኝ ያ ዝምታ ነው፤ የተመታው ልጅ ራሱ ጥፋተኛ መስሎ አንገቱን ደፋ።

«ፖሊስ ሲይዝ መምታት ይችላል።»
አይችልም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 የሚለው፣ ተያዡ በጉልበት ከተከላከለ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ ፖሊሱ ከሁኔታው ጋር የሚመጣጠን ኃይል ይጠቀማል ነው። የሚመጣጠን የምትለዋን ያዟት። ቢላ የመዘዘና ቆሞ የሚከራከር ሰው እኩል አይያዙም። እጁን ከሰጠና ካቴና ከገባለት በኋላ የሚያርፍበት ጥፊ ደግሞ ከመያዝ ጋር አይገናኝም፤ ድብደባ ነው፣ አለቀ።

«ሌባ ካልተመታ አያምንም።»
ይሄኛው በጣም ሥር የሰደደ ነው፤ ሌባ የዘረፋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይሉታል፣ ንዴታቸውም ይገባኛል። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ስለዚህ ዱላው እውነተኛውን ሌባ እንኳ ሊያስለቅቀው ይችላል። መርማሪው ራሱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ይጠየቃል፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርድበታል።

«አለቃው ካዘዘው ምን ያድርግ?»
የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 74 ያንብብ። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ይጠየቃል። አዛዡም አያመልጥም።

«ይሄ የፌዴራል ሕግ ነው፣ የክልል ፖሊስን አይመለከትም።»
ይመለከታል። ሕገ መንግሥቱም የወንጀል ሕጉም ባሕር ዳር፣ ሞጣ፣ ቡሬ እኩል ይሠራሉ።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ሁሉም ይፈቀዳል።»
በ2015 ክረምት ክልላችን ላይ አዋጁ ሲወጣ ይሄን ያልሰማ የለም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 አዋጅም የማይነካቸውን መብቶች ይዘረዝራል። ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18 አንዱ ነው።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።»
እንዲህ የሚሉ አባቶቻችን እኮ «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ እግራቸውን ተክለው የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ለመክሰስ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት (ከገጠር ቀበሌ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም)። ዳኛው ፊት መጀመሪያ የሚነገረው መመታቱ ይሁን። ቤተሰብም ሐኪምም ሊጠይቁት መብት አለው፣ ስለዚህ ሰንበሩ ሳይጠፋ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ፣ ወረቀቱንም ተቀብላችሁ ቤት አስቀምጡ።