ፐርማፍሮስት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1828 ፊዮዶር ሸርጊን የተባለ ነጋዴ በሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ከተማ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ቆፋሪዎቹ ወደ ታች ቢወርዱ ቢወርዱ ያገኙት በቅዝቃዜ የረጋ አፈር ብቻ ነበር። በ1837 ሥራው ሲቆም ጉድጓዱ 116 ሜትር ደርሷል፤ የረጋው መሬት ግን ገና አላለቀም።

ፐርማፍሮስት የሚባለው ይህ ነው፦ ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላለፈ መሬት። አፈርም፣ ጠጠርም፣ አለትም ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ቅዝቃዜው እንጂ የያዘው በረዶ ብዛት አይደለም። ከላይ ያለው ስስ ንብርብር ብቻ በሞቃቱ ወራት ቀልጦ በብርዱ ወራት ተመልሶ ይረጋል።

ስሙ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በውስጡ ስለታመቀው ካርቦን ነው። ቀላል ነገር አይደለም፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለእኔ ግን ከዚያ ያላነሰ የሚደንቀው በውሃው ላይ ያለው ሥልጣን ነው። ያኩትስክ በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ምድረ በዳ ለመሆን የተቃረበ አገር በሆነ ነበር። አካባቢዋ ግን ደንና ሐይቅ ነው። የረጋው መሬት እንደ እንስራ ግርጌ ሆኖ ውሃው እንዳይሰርግ ይይዘዋል።

በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ሞቋል። ታዲያ ሙቀቱ ሰሜኑን ያደርቀዋል ወይስ ያጥለቀልቀዋል? ሁለቱንም። በአፈር ውስጥ ያለው በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ ይሰረጉዳል፣ ስርጉዱን ውሃ ይሞላዋል፣ አዲስ ሐይቅ ይፈጠራል። ሐይቁ ደግሞ ሙቀት ስለሚይዝ ከሥሩ ያለውን መሬት ማቅለጡን ይቀጥላል። ቅልጠቱ ፐርማፍሮስቱን በስቶ ከወጣ ውሃው ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል፤ ሐይቁ ራሱ ባቀለጠው መንገድ ደረቀ ማለት ነው። በሳይቤሪያ የ1973 የሳተላይት ምስሎች ከ1997 እና 1998 ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ ከ10,000 በላይ የነበሩት ትልልቅ ሐይቆች ቁጥር በ11 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የቀነሰው ግን ፐርማፍሮስቱ በሳሳበትና በተቆራረጠበት ደቡባዊ ክፍል ነው። ሳይቆራረጥ በተዘረጋበት ሰሜን የሐይቆቹ ስፋት በ12 በመቶ ጨምሯል።

የውሃው ጠባይም ይለወጣል። በአላስካ ብሩክስ ተራሮች ንጹሕ የነበሩ ቢያንስ 75 ጅረቶች ብርቱካናማ ሆነዋል። ማዕድን ቆፋሪ አልደረሰባቸውም። መሬቱ ሲቀልጥ ለረጅም ዘመን ተዘግተው የቆዩ ማዕድናት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ይገናኛሉ፤ ብረት ይወጣል፣ አንዳንዱም ጅረት አሲዳማ ይሆናል፣ ዚንክና ኒኬል ይሟሟበታል። በኮቡክ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ ገባር ጅረት ቀለሙ በተለወጠበት ወቅት ዓሣዎቹ ጠፍተዋል።