ክንድ የላጨ ሰንጢ ፊት አይላጭም፦ ስለ ሰንጢና ፂም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሰውየው ሰንጢውን ከኪሱ ያወጣል። ክንዱን እርጥብ ያደርጋል። ስለቱን አንዴ ገፋ ሲያደርገው የክንዱ ፀጉር ብረቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል። «አየህ? በዚህ ፂሜን ብላጭስ?»

የሰው ፂም መላጨት እንጀራዬ ነው። የምሠራው እጀታው ውስጥ በሚታጠፈው ረጅም ምላጭ ነው፤ ምላጮቼን የምስላቸውም ራሴ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

«ክንድ ላይ ከላጨ ፊት ላይም ይላጫል»

አይላጭም። ፀጉሩን ይቆርጠው ይሆናል፣ ቆዳውን ግን ይፍቀዋል።

የክንድ ፀጉር ስስ ነው፣ የተራራቀ ነው፣ ቦታውም ሜዳ ነው። ፂም ወፍራም ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ጉንጭ ላይ ወደ ታች ይተኛና አንገት ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይዞራል። በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

ዋናው ነገር ግን የብረቱ ቅርጽ ነው። ሰው «ስለታም» ሲል ጫፉን ብቻ ያስባል። ከጫፉ ኋላ ያለውን ብረት ማንም አያይም። የተራ ሰንጢ ሁለት ጎኖች ስለቱ ላይ ሲገናኙ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይሆናሉ። የምላጭ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጎኖቹም ወደ ውስጥ ተቦርቡረው ስስ እንዲሆኑ ተደርገዋል። ሰንጢ ገመድ ሊቆርጥ፣ እንጨት ሊልጥ፣ ካርቶን ሊቀድ የተሠራ ነው። እንደ ምላጭ ቢሳሳ በመጀመሪያው ቀን ይሸረፍ ነበር። ውፍረቱ ጉድለት አይደለም፣ ለሥራው ያስፈልገዋል።

አሁን ጉንጫችሁ ላይ አስቡት። ምላጭ የሚያዘው በ30 ዲግሪ ገደማ ጋደም ተደርጎ ነው። የሰንጢያችሁ አንዱ ጎን 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ስታጋድሙት ስለቱ ቆዳውን አይነካም፤ ጎኑ ብቻ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቀና ታደርጉታላችሁ። ቀና ባለ ቁጥር መላጨቱ ቀርቶ መፋቅ ይሆናል። ወፍራሙ ብረት ፀጉሩ ላይ እንደ ሽብልቅ ይገፋል። ፀጉሩ ከመቆረጡ በፊት ይጎብጣል፣ ከሥሩ ይሳባል። ያ ዓይን የሚያስነባው ሕመም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ይህን የምለው ሞክሬው ነው። አንድ እሑድ ሰንጢዬን ከ1000 ቁጥር የመሳያ ድንጋይ ጀምሬ እስከ 8000 ሳልኩት፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይልማል። ከዚያ ቆዳ ቀበቶ ላይ ሃምሳ ጊዜ አመላለስኩት። መብራት ሥር አዘንብዬ አየሁት። ዱልዱም ስለት ብርሃን ስለሚመልስ ጫፉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል፤ የእኔ ምንም መስመር አልነበረውም። ፊቴን በሙቅ ውሃ አርሼ፣ አረፋ ቀባሁ። ቀኝ ጉንጬን በምላጭ፣ ግራውን በሰንጢ ላጨሁ።

በቀኙ በኩል ስስ ሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ግራው ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ይንኮሻኮሻል። ጉንጬ ላይ ፀጉሩ ሄደልኝ። መንጋጋዬ ከአንገቴ ጋር የሚገናኝበት ጋ ስደርስ ብረቱ ቆመ፣ ትንሽ ገፋሁት፣ አረፋው ሮዝ ሆነ። ቁስሏ ትንሽ ነበረች። ያስቸገረኝ በማግስቱ ነው፤ ግራ ጉንጬ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ይመስል ቀልቶ ሦስት ቀን አቃጠለኝ። እንግዲህ ይህ ሥራው በሆነ ሰው እጅ፣ በደንብ በተሳለ ሰንጢ ነው።

ክንድ የሚያታልልበት ሌላም ምክንያት አለ። ሰንጢ ሲሳል ጫፉ ላይ በዓይን የማትታይ ቀጭን የብረት ጭራ ትቀራለች። ያቺ ጭራ ክንድ ላይ ፀጉር ትቆርጣለች፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ጉንጭ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሄድ ግን ትጣመማለች ወይም ትሰበራለች። ከዚያ በኋላ የምትላጩት በተሰነጣጠቀ ጫፍ ነው።

«ፀጉር ለብረት ምኑ ነው?»

ብዙ ነው። በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አትመውታል። የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሆኖም ፀጉሩ ስለቱን ይሸርፈዋል። ፀጉሩ ጎብጦ ብረቱን በጎን ሲገፋውና ያ ቦታ በተፈጥሮው ደከም ያለ ሲሆን ጫፉ ትንሽ ትንሽ እያለ ይረግፋል። ስለዚህ «አንዴ ስዬዋለሁ፣ ለወራት ይበቃኛል» የሚለውም አይሠራም። እኔ ምላጬን ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ቆዳ ቀበቶ ላይ አመላልሳለሁ።

ፀጉሩን የሚያለዝበው ውሃ ነው። ለሁለት ሦስት ደቂቃ በሙቅ ውሃ የራሰ ፂም ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም በጣም ይቀላል። ደረቅ ፊት ላይ ስለት የሚያሳርፍ ሰው ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

«በላይተር እሳት ካሳየሁት ንጹሕ ነው»

ኧረ ተዉ! የስለት ጥንካሬ የመጣው ልክ ካለው ሙቀት ነው፤ ልክ ያለፈ ሙቀት ደግሞ ያጠፋዋል። የጫፉ ብረት በጣም ስስ ስለሆነ እሳቱ ላይ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከልኩ ያልፋል። ላይተሩ የሚተወው ጥላሸትም አለ። እጥፋቱ ውስጥ የተጠራቀመው እድፍ ደግሞ እዚያው ነው። ፍራፍሬ የተላጠበት፣ ገመድ የተቆረጠበት፣ ጥፍር የተጠረገበት ነገር ሁሉ መጋጠሚያው ጋ ይቀመጣል። ሰንጢውን ከፍታችሁ መጋጠሚያውን በሳሙናና በብሩሽ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ለሌላ ሰው አታውሱ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዚያውም በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ወንድማማችም ብትሆኑ ስለት አትዋዋሱ።

«ወደ ላይ ካልተላጨ አይጠራም»

ይህ ሰንጢም ምላጭም ላይ የሚደረግ ስህተት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደግሞ ፀጉሩ የሚጠቀለል ሰው ነው። ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ስትላጩ ፀጉሩ ተስቦ ይቆረጥና ከቆዳው በታች ይገባል። ሲያድግ ጠምዘዝ ብሎ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል። አንድ ደንበኛዬ አንገቱ በጥቁር እባጭ ተሞልቶ መጣ። በየሁለት ቀኑ ከአበቃቀሉ በተቃራኒ ይላጭ ነበር። ምንም ቅባት አልሰጠሁትም። «ለአንድ ወር ስለት አታስነካው፣ በማሽን ብቻ አሳጥረው» አልኩት። ሲመለስ እባጮቹ ሟሙተው ነበር። ፂማችሁ በየት በኩል እንደሚተኛ ካላወቃችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ የሚለሰልስበት አቅጣጫ እሱ ነው።

ትንንሾቹን ስህተቶች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። መላጨት ፂም አያወፍርም፤ ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የአካል ጥናት ምሁር በ1928 ለክታ አሳይታለች። የሚወፍር የሚመስለው የተቆረጠው ጫፍ ሹል መሆኑ ቀርቶ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ነው። ዱልዱም ስለት ከስለታም አይሻልም፤ ስለሚያስገፋ የበለጠ ያቆስላል። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዝገቱ ራሱ አይደለም፣ አፈርና እድፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው፤ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ሰንጢም ያመጣዋል። ከተላጫችሁ በኋላ አልኮል ሲያቃጥላችሁ ደግሞ «እየሠራ ነው» አትበሉ። የተላጠ ቆዳ ስለተነካ ነው።

«እሺ፣ ሜዳ ላይ ነኝ፣ ከሰንጢ ሌላ የለኝም» ለሚለኝ፦ ፂሙ ይቆይ። መቀስ ካለ ያሳጥሩት። የግድ ነው ካላችሁ ጉንጫችሁን ብቻ። መጀመሪያ ሰንጢው ሲከፈት የሚቆለፍ መሆኑን እዩ፤ የማይቆለፍ ከሆነ ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ስለሚችል እዚያው ይቅር። ፊታችሁን ሦስት ደቂቃ አርሱ፣ ሳሙናውን አረፋ እስኪሆን ምቱ። በአንድ እጅ ቆዳውን ወጥሩ። ከጣት ስፋት በማይበልጥ አጭር ምት፣ ወደ ታች ብቻ፣ ሳትጫኑ። ስለቱን ወደ ጎን ፈጽሞ አታንሸራቱት፤ ቆዳ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ሹል ጫፉ ከፊታችሁ ውጭ ይሁን። አገጭ፣ ሪዝና ማንቁርት አካባቢ አትድረሱ።

ከተቆረጣችሁ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን በሉና አምስት ደቂቃ ሙሉ ያዙት። በየመሃሉ እያነሳችሁ አትዩት፤ የረጋው ደም እንደገና ይከፈታል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይዛችሁም ካልቆመ ወደ ሐኪም ሂዱ።